ኮከቡን አስቀድሞ ማወቅ

ከፀሐያችን አቅራቢያ ከሚገኙት ከዋክብት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ቀይ ድንክ ከሚባለው ወገን ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ሁሉ ግን አንዱ እንኳ ያለ መሣሪያ ለዐይን የሚገለጥ አይደለም፤ ሆኖም እንደኛ ያለው ፕላኔት ፈላጊ ባለሙያ፣ ሌሊቱን የሚያደምቁትን ታላላቅ ብርሃናት ትቶ፣ በነዚህ በደበዘዙት ላይ ዘመኑን የሚፈጅበት ምክንያት አለው። ፕላኔት በኮከቡ ዙሪያ ሲዞር ኮከቡም በፕላኔቱ ስበት በመጠኑ ወዲያና ወዲህ ይላልና፣ የኮከቡ ክብደት ባነሰ መጠን ይህ ንቅናቄ እየጎላ ይሄዳል። ምድራችን ፀሐይን የምታነቃንቃት በሴኮንድ 9 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ከሁሉ ይልቅ ለፀሐይ የቀረበው ቀይ ድንክ፣ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በታወቀውና ዙሩን በ11.2 ቀን በሚፈጽመው ፕላኔቱ ምክንያት በሴኮንድ 1.4 ሜትር ያህል ይናወጣል።

ንቅናቄው የሚነበበው በብርሃኑ ውስጥ ነው። የኮከቡ ብርሃን በስፔክትሮግራፍ ተበትኖ ከቫዮሌት እስከ ቀይ ሲዘረጋ፣ በመካከሉ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቁር መስመሮች ይታያሉ፤ ኮከቡ ወደ እኛ ሲቀርብ መስመሮቹ ሁሉ ወደ ሰማያዊው፣ ሲርቅም ወደ ቀዩ ፈቀቅ ይላሉ። ፈቀቅታውን ግን በዐይን አያለሁ የሚል ቢኖር ራሱን ያታልላል፤ በቺሊ፣ በላ ሲያ ተራራ ላይ ከ2003 ጀምሮ በሚሠራው ሃርፕስ በተባለው መሣሪያ ዘንድ፣ በሴኮንድ የአንድ ሜትር ፍጥነት መስመሩን የሚያንቀሳቅሰው የአንድ ፒክስል ሺህኛ ያህል ብቻ ነውና። ስለዚህም መሣሪያው አየር በተመጠጠለት ዕቃ ውስጥ ተዘግቶ፣ ሙቀቱ በዲግሪ መቶኛ እየተጠበቀ ይኖራል፤ የአንዱ መስመር ምስክርነት ብቻውን ከንቱ ስለሆነም የሺዎቹ ቃል ባንድነት ይደመጣል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የሒሳብ ሥራ ነው፤ ይህንንም ከሌላው ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። ምድራችን በፀሐይ ዙሪያ በሴኮንድ 30 ኪሎ ሜትር ስትከንፍ እኛም አብረን ስለምንከንፍ፣ ያ ሁሉ እስከ ሳንቲ ሜትር ድረስ ተሰልቶ መቀነስ አለበት። ልቤን ይዞ የኖረው ቀይ ድንክ፣ የባርናርድ ኮከብ ደግሞ፣ ስድስት የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ ሳለ በሴኮንድ 110 ኪሎ ሜትር ወደ እኛ እየገሠገሠ፣ በሰማይም ላይ ከከዋክብት ሁሉ በሚፈጥን አካሄድ ወደ ጎን ስለሚያልፍ፣ የምናይበት ማእዘን እየተለወጠ የመቅረቢያው ፍጥነት በየዓመቱ በሴኮንድ 4.5 ሜትር ያህል የሚቀንስ ሆኖ ይታያል። ይህን ሳይቀንስ የተወ ጀማሪ በሌለበት ስፍራ አንድ ታላቅ አካል ኮከቡን ሲጎትት ያያል፤ ደግሞም ሥዕሉ እጅግ ያማረ ስለሚሆን ማንም ተው ቢለው አይሰማም።

ሒሳቡ ሁሉ ከጠራ በኋላም ኮከቡ ራሱ ይናገራል። በገጹ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ኮከብ ሲሽከረከር፣ ነጠብጣቡ ወደ እኛ በሚመጣው ጫፍ በኩል ሳለ የዚያን ወገን ብርሃን ስለሚጋርድ ኮከቡ በጠቅላላው የራቀ ይመስላል፤ ወደ ማዶው ጫፍ በተሻገረም ጊዜ የቀረበ ይመስላል፤ ይህም የፕላኔትን ዙር ቁርጥ አድርጎ ይመስላል። ስለዚህ በአኃዞቹ ውስጥ አንድ ዙር ብቅ ባለ ጊዜ የምናደርገው ነገር የአንድምታ መምህር በአንዲት ቃል ላይ እንደሚያደርገው ነው፤ አንድም ፕላኔት ነው፣ አንድም ነጠብጣብ ነው፣ አንድም የመሣሪያው ጠባይ ነው፣ አንድም የእኛው የሌሊት አቆጣጠር ነው እያልን እያንዳንዱን እንፈትናለን። ለፈተናውም መንገድ አለ፦ ፕላኔት በሰማያዊውም በቀዩም ብርሃን ኮከቡን እኩል ያናውጠዋል፣ ነጠብጣብ ግን በቀዩ ሲመዘን ይደክማል፤ ፕላኔት ዓመታት ቢያልፉ ሰዓቱን አያዛንፍም፣ ነጠብጣብ ግን ተወልዶ ይጠፋል።

የባርናርድ ኮከብ ለዚህ ሁሉ ዋና ትምህርት ቤት ነው። የሆላንድ ተወላጁ ፒተር ቫን ደ ካምፕ በፔንሲልቫኒያ፣ በስዋርዝሞር ኮሌጅ በሚገኘው የስፕሮል ኦብዘርቫቶሪ፣ ከ1938 ጀምሮ በመስታወት ሰሌዳ ላይ የኮከቡን ሥፍራ እየቀረጸ፣ በ1963 ከጁፒተር የሚከብድና ዙሩን በ24 ዓመት የሚፈጽም ፕላኔት አገኘሁ አለ። በ1973 ግን ጌትውድና አይክሆርን የተባሉ ተመራማሪዎች በሌሎች ቴሌስኮፖች የተነሡትን ሰሌዳዎች መርምረው አንዳች ነገር አጡ፤ በስፕሮል በነበሩት ሌሎች ከዋክብት ላይም ያው መናጋት እንደሚታይና ይህም የቴሌስኮፑ ሌንስ ከተነካባቸው ዓመታት ጋር እንደሚገጥም በዚያው ዓመት ተገለጠ። ቫን ደ ካምፕ እስከ ዕለተ ሞቱ አላመነም። በርሱ የሚስቁ ባልደረቦች አሉኝ፤ እኔ ግን ከሌላ ቴሌስኮፕ ጋር ሳይመሳከር ሃያ አምስት ዓመት ያህል ባንድ መሣሪያ ብቻ የተመለከተ ሰው፣ የመሣሪያውን ጠባይ ከሰማይ ጠባይ ለመለየት ምን እንዳለው አይገባኝም።

በ2018 ደግሞ በሃያ ዓመት ከተከማቹ 771 ልኬቶች የ233 ቀን ዙር ያለው፣ ቢያንስ ከምድር ሦስት እጥፍ የሚከብድ ፕላኔት ተዘገበ። በዚህ ሥራ ላይ የተሰለፉት ጥንቁቅ ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን በ2021 ከቀዩ ባሻገር ባለው ብርሃን የሚለካ ሌላ መሣሪያ ምልክቱን አላገኘውም፣ የቀድሞዎቹም አኃዞች ሲመረመሩ ኃይሉ በአንድ ሺህ ቀን ውስጥ በተሰበሰቡት ልኬቶች ላይ ብቻ ተከማችቶ ተገኘ። ኮከቡ ራሱ በ145 ቀን አንድ ጊዜ ይሽከረከራል፤ በየዓመቱም ለጥቂት ወራት በፀሐይ ብርሃን ስለሚሸሸግ ልኬቶቹ ዓመት እየጠበቁ በክፍል በክፍል ይመጣሉ፤ የ145 ቀኑ ዙር ከ365 ቀኑ ክፍተት ጋር ሲጣመር ደግሞ ወደ 240 ቀን የሚጠጋ፣ በእውነቱ የሌለ ዙር ይወልዳል። ስለዚህ ተማሪ ወደ እኔ ሲመጣ ፕላኔት ከመፈለጉ በፊት የኮከቡን ሽክርክሪት፣ ጠባዩን፣ የልኬቶቹንም ክፍተት ጽፎ እንዲያመጣ አዘዋለሁ፤ አብዛኞቹም ይህን እንደ ቅጣት ይቆጥሩታል።

በመጨረሻ እውነተኛው ነገር የተገኘው ማንም ባልጠበቀው ስፍራ ነው። በ2024 በቺሊ፣ በፓራናል ተራራ ያለው ኤስፕሬሶ የተባለው መሣሪያ ዙሩ 3.15 ቀን የሆነ፣ የምድርን ክብደት ሲሶ ያህል የሚመዝንና ኮከቡን በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ብቻ የሚያናውጥ ፕላኔት አሳየ፤ በ2025 በሃዋይ፣ በማውና ኬያ ባለው ጀሚናይ ቴሌስኮፕ ላይ የተተከለው ማሩን ኤክስ የተባለው መሣሪያ፣ በቀይ ብርሃን ለብቻው ለክቶ ይህንኑ አጸደቀ፤ ሌሎች ሁለት ባልንጀሮቹንም አረጋገጠ፣ ሦስተኛው ባልንጀራ ደግሞ የሁለቱ መሣሪያዎች ልኬቶች ባንድነት ሲመረመሩ ጸና። አራቱም ዙራቸውን ከሰባት ቀን በታች ይፈጽማሉ፤ ከነርሱም ትንሹ ኮከቡን የሚያነቃንቀው በሴኮንድ 22 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሁለት መሣሪያ፣ ሁለት ተራራ፣ ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ባንድ ቃል መስማማታቸው በኔ ዘንድ ከየትኛውም ያማረ ሥዕል ይበልጣል። ጋዜጦች ወዲያው ሕይወት ይኖርባቸው እንደሆነ ጠየቁ፤ ነገር ግን አራቱም ለኮከባቸው እጅግ ስለቀረቡ ውኃ ሊረጋባቸው አይችልም።

የሚቀረን ወራት የሚፈጅ ዙር ያላቸው ትናንሾቹ ናቸው፤ እነርሱም ቢኖሩ ዙራቸው ከኮከቡ የ145 ቀን ሽክርክሪት፣ ከእኩሌታውና ከሲሶውም ጋር ይጋፋል፤ ስለዚህ ስለ እነርሱ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው ቢመጣ፣ አስቀድሜ የምጠይቀው የስንት ዓመት ሌሊት እንደ ሰበሰበና በየትኞቹ የብርሃን ቀለማት እንደ ለካ ነው።