ስለ ደቂቅ ፊደል

በአውሮፓ ለትናንሽ ነጋዴዎች የሚላክ ባለ ሁለት አንደበት ጽሑፍ አለ። በትልቁ ፊደል «በንግድ ቤቶች ማውጫ ያለውን አድራሻዎን በነፃ ያርሙ» ይላል፤ ከግርጌው በደቂቅ ፊደል ግን የፈረመውን ሰው ብዙ ጊዜ ለሦስት ዓመት ባለዕዳ ያደርገዋል። የአውሮፓ ፓርላማ ከ400 በላይ አቤቱታ ቀርቦለት እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. ድርጊቱን ነቅፎታል።

ይህ ጽሑፍ የሚነቀፈው እውነቱን ስላልጻፈ አይደለም፤ ዓይን በማያርፍበት ስፍራ ስለ ጻፈው ነው። እውነትን እንዳትታይ አድርጎ መጻፍ ከሐሰት በምን ይሻላል? አልከፍልም ላለውም የክስ ዛቻ ይከተለዋል፤ ብዙዎችም ዛቻው ሲያሰለቻቸው ይከፍላሉ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ዛቻ ፍርድ አይደለም። ገንዘብ ከመላክህ በፊት ሕግ አዋቂ አማክር፤ ፊርማህ በማታለል የተወሰደ መሆኑንም በጽሑፍ አስታውቅ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የግርጌውን መስመር ሳታነብ አትፈርም፤ ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ጭምር ነውና።