የጠራ ፋይል በምን ይታወቃል?

በወረቀት ላይ ያማረ ጽሑፍ ፋይሉ ንጹሕ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ጎንደር ፒያሳ ያሉትን የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች የሚያዘወትር ሰው ይህን ያውቀዋል። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ ከማራኪ፣ ከቴዎድሮስና ከፋሲል ግቢ የሚመጣው ተማሪ ፍላሹን ይዞ ይሰለፋል። ሁሉም «ፎርማቱን አስተካክሉልኝ» ይላል፤ የሁሉም ሥራ ተጠርዞ ሲወጣ ዓይን ይሞላል። የሥራው ልክ የሚታየው አማካሪው «ምዕራፍ ሦስትን ለሁለት ክፈለው» ባለ ማግስት ነው። የአንዱ ማውጫ በአንድ ጠቅታ ራሱን ያድሳል። የሌላው ማውጫ ነጥቡም የገጽ ቁጥሩም በእጅ የተለቀመ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ሌሊቱን ሙሉ ገጽ ሲቆጥር ያድራል። ሁለቱም የከፈሉት ግን እኩል ነበር።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥራ ሲቀርብልኝ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጌ ፋይሉን እጠይቃለሁ። ዎርድ ላይ ዞራ የቆመች ፒ የምትመስል ቁልፍ አለች፤ ኮንትሮል፣ ሺፍትና 8 አንድ ላይ ቢጫኑም ያው ነው። እሷ ስትነካ ገጹ ገበናውን ያወጣል፤ ስፔስ ሁሉ ነጥብ፣ ታብ ሁሉ ቀስት ሆኖ ይታያል። ርዕሱን መሐል ለማድረስ ሠላሳ አርባ ስፔስ የተደረደረበት፣ አዲሱ ምዕራፍ ወደ ቀጣዩ ገጽ እንዲወርድ ኢንተር እየተደጋገመ የተመታበት ፋይል ከሆነ ወደ ሌላው ማለፍ አያስፈልገኝም። እንዲህ የሠራ ሰው መልኩን አስመስሏል፤ ለማሽኑ ግን «ይህ ርዕስ ነው» ብሎ የነገረው ነገር የለም። ፎንቱ በአንድ ቁጥር ሲያንስ ወይም ፋይሉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ያ ሁሉ ድርድር ይፈርሳል። ርዕሱ በስታይል ከተሰየመ ግን መጠኑም፣ ድምቀቱም፣ ከአንቀጹ ያለው ርቀትም ከአንድ ቦታ ይታዘዛል፤ ማውጫውም ከዚያው ይለቅመዋል።

የኅዳግ ስፋት፣ የመስመር ርቀትና የገጽ ቁጥር ቦታ በመመሪያ የሚሰጡ ናቸው። እነሱን ማስተካከል ግዴታ ነው፤ ሙያ አያሰኝም።

የአማርኛ ፋይል የራሱ ደዌ አለው። አራት ነጥብ በኮምፒውተር አንድ ራሱን የቻለ ምልክት ነው። ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. ለግዕዝ ፊደል ቦታ ሲሰጥ ለአራት ነጥብም የራሱን ቁጥር ሰጥቶታል። ብዙ ጸሐፊ ግን ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ይመታል፤ አንዳንዱ ደግሞ የላቲኑን ኮለን ይደግማል። በዓይን ሦስቱም አራት ነጥብ ናቸው። ለማሽኑ ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ትክክለኛውን አራት ነጥብ ይዞ የሚፈልግ ሰው የተደገሙትን አያገኛቸውም። በሁለቱ መካከል ስፔስ ከገባ ደግሞ አንዱ ጥንድ ከመስመሩ ጫፍ ይቀርና ሌላው ወደ ታች ይወርዳል፤ ዓረፍተ ነገሩ ሳይጀመር ነጥብ ይቀድመዋል። ሁለት ነጥብ ከሰረዝን በሁለት ቁልፍ ገጣጥሞ መጻፍም የዚሁ ወንድም ነው።

ጥሩ አጽጂ ከመጥፎው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ችኩሉ «ሁሉንም ተካ» የምትለውን ቁልፍ ይጫንና ይሄዳል። የበሰለው ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ በመካከላቸው ስፔስ የገባባቸውን ይሰበስባል፣ ቀጥሎ የተደገመውን ሁለት ነጥብ፣ በመጨረሻ የላቲኑን ይመልሳል። ነጠላውን ሁለት ነጥብ ግን አንድ በአንድ ሳያይ አይነካውም። ምክንያቱም «ከጠዋቱ 3፡30» የሚለው ሰዓት ላይ አለ፤ «ማቴዎስ 5፡3» የሚለው ጥቅስ ላይም አለ። ሁለት ነጥብን ሁሉ ጠርጎ በስፔስ የተካ ሰው ሰዓቱንም ምዕራፉንም አብሮ አጥፍቷል። ስለዚህ የጸዳ ፋይል ሲሰጠኝ ዓይኔ ቶሎ የሚሄደው ቁጥሮች ወዳሉበት ነው። የችኩል እጅ እዚያ ይጋለጣል።

ይህ የእኛ ፊደል ብቻ ጣጣ እንዳይመስል ወደ ሌላ ሠፈር ልሻገር። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ሁሉ የሚያውቃቸው የዩኒክስና የሊኑክስ መመሪያ ገጾች አሉ፤ ማን ፔጅ ይባላሉ። የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ ኖቬምበር 3 ቀን 1971 እ.ኤ.አ. ተብሎ ቀን የተጻፈበት ነው፤ ልማዱ እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። ስክሪን ላይ አምሮ የሚታየው ገጽ ከጀርባው ተራ ጽሑፍ ነው። በመካከሉ በነጥብ የሚጀምሩ የትእዛዝ መስመሮች አሉት፤ ነጥብ ኤስ ኤች የክፍል ርዕስ ያወጣል፣ ነጥብ ቢ ፊደል ያደምቃል። እነዚህን ምንጭ ፋይሎች እየዞሩ የሚያጸዱ ሰዎች በዓለም ዙሪያ አሉ፤ ሥራቸውን ማየት ዓይን ያሠለጥናል።

እነሱም ጋ የሚያታልል ምልክት አለ፤ ሰረዝ ነው። ቃልን ከቃል የሚያጣምረው ሰረዝና በትእዛዝ ውስጥ ከአማራጭ ፊደል ፊት የሚቀመጠው ሰረዝ ለዓይን አንድ ናቸው። በምንጩ ፋይል ግን ሁለተኛው ከፊቱ ባክስላሽ ሊኖረው ይገባል። ጸሐፊው ባክስላሹን ከረሳ ገጹ ላይ የሚወጣው ማጣመሪያው ነው። አንባቢው «ኤል ኤስ ሰረዝ ኤል» የሚለውን ትእዛዝ ከገጹ ቀድቶ ተርሚናል ላይ ሲለጥፈው ማሽኑ አማራጩን እንደ ፋይል ስም ይቆጥርና «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ብሎ ይመልሳል። በ2023 እ.ኤ.አ. እነዚህን ገጾች የሚያቀናብረው ፕሮግራም፣ ግሮፍ 1.23 ወጥቶ ሁለቱን ሰረዞች ማመሳሰሉን ሲያቆም፣ ለዓመታት ተሸፋፍኖ የኖረው ስሕተት ባንድ ጊዜ አደባባይ ወጣ። ከሊኑክስ ሥርዓቶች አንዱ የሆነው ደቢያን በበኩሉ እንደ ቀድሞው ተመሳስለው እንዲታዩ አደረገ። የደቢያን ውሳኔ ለተጠቃሚው ደግ ነው፤ ለፋይሉ ግን መድኃኒት አይደለም፤ ስሕተቱ እዚያው ምንጩ ውስጥ ተኝቷል።

ከማን ፔጅ የምንማረው ሌላም አለ፤ ለእኔ ዋናው ይህ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. ከሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጋር የወጣው የትእዛዝ ስብስብ በአመዛኙ መልክን ያዛል፤ ይህን አድምቅ፣ ያንን አጋድም ይላል። በ1990 እ.ኤ.አ. አካባቢ በርክሌይ ውስጥ ሲንቲያ ሊቪንግስተን ያዘጋጀችው ኤምዶክ የተባለው ስብስብ ምንነትን ይናገራል፤ ይህ የትእዛዙ ስም ነው፣ ይህ አማራጭ ነው፣ ይህ የፋይል መንገድ ነው ይላል። ሁለቱም በወረቀት ላይ ተመሳሳይ የደመቀ ፊደል ሊያወጡ ይችላሉ። ነገር ግን ምንነቱ የተነገረው ገጽ ሊጠየቅ ይችላል፤ ማንዶክ የሚባለው ፕሮግራም ባለበት ማሽን ላይ «ይህ አማራጭ ያላቸውን ትእዛዞች ብቻ አውጣልኝ» ማለት ይቻላል። የደመቀ ፊደል ለምን እንደደመቀ ካልተናገረ እንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ አያገኝም።

ይህን ለጎንደር ሰው በሌላ መንገድ ማስረዳት ቀላል ነው። ከፋሲል ግንብ ዙሪያ ባሉት አድባራት የብራና መጽሐፍ ገልጦ ያየ ሰው ቀይ ቀለሙን ያስታውሳል። ቁም ጸሐፊው ቀዩን ብርዕ ያነሣው ገጹ እንዲያምር ብቻ ብሎ አልነበረም። የእመቤታችን ስም በቀይ ይወጣል፤ የሚነበብለት ቅዱስ ስም በቀይ ይወጣል፤ የክፍሉ መክፈቻ መስመሮች በቀይ ይወጣሉ። ቀዩ ይህ ነገር ምን እንደሆነ ይናገራል፤ አንባቢው በጉባኤ መካከል ገልጦ ቦታውን ቶሎ የሚያገኘው በእሱ ነው። ከዚያም በፊት ሌላ ሥራ አለ። ብራናው በወስፌ ይወጋል፣ ያለ ቀለም ይሰመራል፤ አንድ ፊደል ሳይጻፍ የዓምዱ ስፋትና የመስመሩ ቁጥር ተወስኖ ያልቃል። ገጹን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ለሚያይ ያ መስመር ዛሬም ይታያል፤ የጎንደር ዘመኑ ጉልህ ጽሕፈት ያን ያህል ቀጥ ብሎ የቆመው እሱን ተደግፎ ነው። እርግጥ ሁሉም መጽሐፍ እንዲህ አልተፈጸመም፤ በቀይ እንዲሞላ የተተወው ቦታ ባዶውን የቀረባቸው አሉ።

አሁን ወደ አስቸጋሪው መመዘኛ ልምጣ፤ ያልተነካው ነገር። ማጽዳት የሚወድ እጅ ማቆም ይከብደዋል። ጽሑፉ ውስጥ «ሠ» እና «ሰ» ተቀላቅለው ሲያይ አንድ ላድርጋቸው ይላል። ሪፖርት ላይ ባለቤቱ ከፈቀደ ይሁን። የግዕዝ ጥቅስ ያለበት ጽሑፍ ላይ ግን ይህ ጥፋት ነው፤ በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ ብቅ አለ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው። እንዲሁም ከቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ በተቀዳ ጽሑፍ ውስጥ በየቃሉ መካከል ያለው ሁለት ነጥብ ቆሻሻ ሳይሆን የጽሕፈቱ ሥርዓት ነው። የመልክ ምልክት አጸዳለሁ ብሎ ቃል የነካ ሰው ቢሳካለት እንኳ ወሰን አልፏል። የድሮው ጸሐፊ እንኳ ሲሳሳት ብራናውን ይፍቃል፤ የተፋቀው ቦታ ስለሚሻክር እርማቱ ለአንባቢ ይታወቃል። የዘለለውን ቃል ከመስመሩ በላይ ይጽፈዋል፤ ያንንም ማንም ያየዋል። ኮምፒውተር ላይ የተፋቀ ቃል ጠባሳ ስለማይተው ሥነ ሥርዓቱ ከአጽጂው መምጣት አለበት።

በሊኑክስ ዓለም ለዚህ ደንብ አለ፤ የቦታና የምልክት እርማት ከይዘት እርማት ጋር በአንድ ጥቅል አይላክም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ከማብራሪያው ጋር ይቀርባል። ብራያን ከርኒገን በ1974 እ.ኤ.አ. ለዩኒክስ ጀማሪዎች በጻፈው መምሪያ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በምንጩ ፋይል ላይ በአዲስ መስመር ጀምሩ ብሎ መክሯል። በታተመው ገጽ ላይ ምንም ለውጥ የለውም። ነገር ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ሲነካ ሌላው ሳይንቀሳቀስ ስለሚቀር የተለወጠው ወዲያው ይለያል። የእኛ ሰው ዎርድ ላይ «ኮምፔር» የሚለውን ትእዛዝ ይጠቀም። የቀድሞውንና የጸዳውን ፋይል ጎን ለጎን ያቆማል፤ የተለወጠው ሁሉ ተቀልሞ ይወጣል። ንጹሕ ሥራ ላይ የሚቀለሙት ስፔስ፣ ነጥብና ስታይል ናቸው። ቃል ከተቀለመ ማብራሪያ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ስለ አሮጌ ፋይሎች አንድ ነገር ልጨምር፤ በየቢሮው መደርደሪያ ገና ሞልተዋል። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች ፊደላችንን የላቲን ፊደል ወንበር ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ወንበሩ ስለማይበቃም አንዳንዶቹ በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት ከፋፍለውታል፤ አንድ ቃል ውስጥ ፎንቱ ሁለቴ ሊቀያየር ይችላል። እንዲህ ያለ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ይሆናል። ወደ ዩኒኮድ የሚመልሱ ፕሮግራሞች አሉ፤ ደህና ይሠራሉ። አደጋው በጽሑፉ መካከል እውነተኛ እንግሊዝኛ ሲኖር ነው፤ የመድኃኒት ስም ወይም የመሣሪያ ሞዴል አብሮ ተገልብጦ አማርኛ የሚመስል ትርጉም አልባ ቃል ይሆናል። ለሕክምና ፋኩልቲ የተሠራ ጽሑፍ ሲሆን ይህን ሳያዩ መረከብ ድፍረት ነው። የልደት ዝርዝር የመሰለ ሠንጠረዥ ያለበትም እንዲሁ ነው፤ ዓምዱ በታብ ተገፍቶ ከሆነ ሲመለስ ቁጥሩ ከስሙ ይለያያል።

በዋጋ በኩል አንድ አለመግባባት አለ። ፒያሳ ላይ ክፍያ በገጽ ነው የሚቆጠረው፤ ስለዚህ መልክ አስመስሎ የሚያስረክበውና ፋይሉን ከሥሩ የሚያጠራው አንድ ዋጋ ይቀበላሉ። የሁለተኛው ሥራ በመጀመሪያው ቀን ይበልጥ ጊዜ ይፈጃል፤ ደንበኛው ግን አያየውም። ይህ ካልተለወጠ ባለሙያ አይወጣም።

ስለዚህ ሥራችሁን ስትረከቡ ከወረቀቱ ጋር ፋይሉን ተቀበሉ፤ ከመክፈላችሁ በፊትም እዚያው ክፈቱት። የተደበቁትን ምልክቶች አስወጡ። የተደገመ ሁለት ነጥብ ጽፋችሁ ፈልጉ፤ አንድም መገኘት የለበትም። ሰዓትና ጥቅስ ያለበትን ገጽ እዩ። አንድ ርዕስ ላይ ቃል ጨምራችሁ ማውጫውን አድሱ። ይህን ሁሉ ሥራውን የሠራችላችሁ ልጅ ሳትቆጣ አጠገባችሁ ቁጭ ብላ ካሳየቻችሁ፣ የጠየቀችውን ክፈሏት፤ ዋጋ አትከራከሩ።