የተሳላሚው መንገድና የጽሕፈታችን ዝምታ

ከባሕር ዳር፥ ከፋሲሎ ተነሥቶ የልደትን በዓል በላሊበላ ለማክበር በእግሩ የሚጓዝ ተሳላሚ ዓባይን ተሻግሮ፥ ሐሙሲትንና ወረታን አልፎ፥ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በደብረ ታቦር፥ በጋይንትና በጋሸና በኩል 300 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ አለበት። አውቶቡስና አውሮፕላን ባለበት በዛሬው ዘመን እንኳ ይህን መንገድ ከባልንጀሮቹ ጋር በእግሩ የሚይዝ ሰው አልጠፋም። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ስለዚህ ዓይነቱ ጉዞ የተጻፈውን ነው፤ ይኸውም እጅግ ጥቂት ሆኖ አግኝተነዋል።

ገድላቱና ድርሳናቱ ቦታውን ለተሳለመ ሰው የተሰጠውን ቃል ኪዳን በሰፊው ይናገራሉ፤ የአካሄዱን ነገር ግን በአንድ ግስ ያልፉታል። ዓላማቸው ሌላ ስለ ሆነ በዚህ አይወቀሱም። የሚወቀሰው ያለ በቂ ምክንያት ይህንኑ ልማድ የወረሰው የዘመናችን ጸሐፊ ነው። ገና በደረሰ ቁጥር የምናነባቸው የጉዞ ጽሑፎች በመጀመሪያው አንቀጽ ከቤት ይነሣሉ፤ በሁለተኛው ከቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆመው ይገኛሉ። ከዚያ በኋላ የዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ስም ዝርዝር፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስነት መመዝገባቸው፥ የእንግዶችም መደነቅ ይከተላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህን ለመጻፍ ከጠረጴዛ መነሣት አያስፈልግም።

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ በዚህ ረገድ ይበልጠናል። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1520 እስከ 1526 በሀገራችን ቆይቶ የጻፈው መጽሐፍ በ1540 በሊዝቦን ታተመ። ሰው ሁሉ የሚያነሣለት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ከገለጸ በኋላ የሚያምነኝ አላገኝም ብሎ ሰግቶ መማሉን ነው። እኛን ይበልጥ ያስደሰተን ግን እግረ መንገዱን የጻፈው ነው፤ የጭነቱን ችግር፥ የአንበጣውን መዓት፥ የገበያውን ነገር እንደ ተራ ቈጥሮ አይንቀውም። ስለዚህ መሐላው ያምርበታል፤ በጭነቱ ነገር ያመንነውን ሰው በሕንፃውም ነገር ማመን አይከብደንምና።

ከእኛ ወገን ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. «የልዕልት ወይዘሮ መነን መንገድ በኢየሩሳሌምና በምስር» የተባለውን መጽሐፍ ሲያሳትሙ «መንገድ» የሚለውን ቃል ከርእሱ ላይ ማኖራቸው የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ያ የቤተ መንግሥት ሰዎች ጉዞ ነበርና የእግረኛውን ድካም ከእርሱ መጠበቅ አይገባም።

የእግረኛውን ድካም ያገኘነው ካልፈለግንበት ቦታ፥ ከልብ ወለድ ነው። ክቡር ዶክተር ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰብለ ወንጌል የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በዛብህን ለመፈለግ ከጎጃም ትወጣለች። የምትሄደው ወደ ፍቅረኛዋ እንጂ ወደ ደብር አይደለም፤ ነገር ግን የተሳላሚ መልክ ካልያዘች መንገዱ እንደማያሳልፋት ደራሲው ያውቁታል። በእኛ አስተያየት ይህ ስለ ሀገራችን መንገድ ከተጻፈው ሁሉ የጠለቀው ነው። የሚጐድለው አንድ ነገር ጓደኝነቱ ነው፤ ሰብለ ልቧን ለመንገደኛ ሁሉ መግለጥ የማትችል፥ ምሥጢሯን የተሸከመች ተጓዥ ናትና።

እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጄፍሪ ቾሰር በ14ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ወደ ካንተርበሪ የሚሄዱ ተሳላሚዎችን ሰብስቦ በየተራ ተረት አስወርቷቸዋል። ሥራው ሳያልቅ ስለ ቀረ ተሳላሚዎቹ ካሰቡት መቅደስ አልደረሱም፤ አንባቢም ይህን አጥብቆ አያዝንበትም፤ ባለወፍጮውና ፈረሰኛው፥ መነኩሴውና ነጋዴው እርስ በርሳቸው ሲተራረቡ ማየት ይበቃዋልና። የእኛ ተሳላሚዎችስ ከእነዚህ በምን ያንሳሉ? በሶውንና ዳቦ ቆሎውን በአንድ አቁማዳ ይይዛሉ፤ አንዱ ሲያነክስ ሌሎቹ እርምጃቸውን ይቀንሳሉ፤ ሲመሽ ከማያውቁት ደጅ ቆመው «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብለው ይጣራሉ። በሦስተኛው ቀን በውሃ ነገር ይጣላሉ፤ በአራተኛው ማን እንዳስታረቃቸው ሳይታወቅ አብረው ይዘምራሉ። ከወረታ ወልድያ የሚያደርሰው የመኪና መንገድ ሳይሠራ በፊት በዚያ የሄዱት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እያለፉ ነው፤ ከእነርሱ ጋር የሚያልፈውን ነገር የመዘገበ ደራሲ እስከ ዛሬ አላየንም።

ሩቅ ሳንሄድ በጣና ዳርም ያልተጻፈ ሞልቷል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ስለ ገዳማቱ የተጻፈው ሁሉ ከወንዶቹ ጋር ገብቶ ስለ ብራና መጻሕፍቱና ስለ ሥዕሉ ይተርካል። አብራ ጾማ፥ አብራ ደክማ የመጣችው እኅት ግን ከታንኳው ማሰሪያ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ደንገሉን እያየች፥ ከውስጥ የሚመጣውን የከበሮ ድምፅ በርቀት እያዳመጠች፥ ጫማቸውን ትጠብቅላቸዋለች።