ውድነሽ፣ በጣሙ

ውድነሽ በጣሙ።

ይህን ስም እንደ ስም ሳይሆን እንደ ንግግር ቀስ ብላችሁ በሉት፦ ውድ ነሽ በጣሙን። የበዛብህ እናት ናት። አሁን ደግሞ አባቱን ሞክሩ፦ ቦጋለ መብራቱ። ቦግ አለ፣ መብራቱ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ማንም አልደበቃቸውም። ሆኖም መጽሐፉን ሁለት ሦስቴ ላነበበ ሰው ይህን ስትነግሩት «እንዴ!» ብሎ ጭንቅላቱን መያዙ አይቀርም። ባልና ሚስቱ አጠገብ ለአጠገብ ሲጠሩ የሰርግ ግጥም ይመስላሉ፤ እኛ ግን እንደ መታወቂያ ወረቀት አንብበናቸው አልፈናል።

ትምህርት ቤት ሰምና ወርቅ ሲያስተምሩን ወርቁ ከስር ነው፣ ቆፍሩ ተባልን። ስለዚህ ቅኔ ሲባል መቆፈሪያችንን ይዘን እንመጣለን። ስም ላይ ግን የሚቆፈር ነገር የለም። የጠፋብን ላይ ላዩን ያለው፣ ማንም የሰፈር ልጅ የሚያውቀው ተራ ትርጉም ነው።

ጥፋቱ በከፊል የጆሮ ነው። መገናኛ ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ስለ መገናኘት አያስብም። ጉርድ ሾላ «ወራጅ አለ» የሚል ሰው የተቆረጠች ሾላ አትታየውም። ቃሉ ከተደጋገመ ትርጉሙ ይሞትና ድምፁ ብቻ ይቀራል። በከፊል ደግሞ የአጻጻፋችን ነው። «ቦግ አለ» ሲጣበቅ «ቦጋለ» ይሆናል፤ «ዓለም አየሁ» ደግሞ «ዓለማየሁ»። ሁለቱ ቃላት የሚገናኙበት ስፌት አንዲት ፊደል ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። የአፄ ቴዎድሮስን ልጅ አስቡት፦ በ1860 ዓ.ም. በሰባት ዓመቱ ከመቅደላ እንግሊዝ ተወስዶ በ18 ዓመቱ እዚያው የሞተው ልጅ ስሙ «ዓለም አየሁ» ነበር። ስለ ልዑሉ ስንት ጊዜ ሰምተን፣ ስሙ ራሱ ምን እንደሚል ስንቴ ሰማን?

ወደ ልብ ወለዱ እንመለስ፤ ስሞቹ በደንብ የሚሠሩት ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ነውና።

«መሸሻ» ማለት የሚሸሽበት ቦታ ነው፤ ጠላት ሲመጣ፣ ችግር ሲበረታ የሚሮጡበት። ለባላባት የሚመች ስም ነው፤ ጭሰኛው ሁሉ «መሸሻዬ» ብሎ እንዲጠጋቸው የታሰበ ይመስላል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩአይነት ናቸው። ጥሩ ዓይነት! ዛሬ እህል በረንዳ ጤፍ ስንመርጥ የምንለው ነው። ለእኚህ ሴትዮ ግን ዓይነት ማለት ዘር ነው፣ አጥንት ነው። የቤቱ መከራ በሙሉ የሚመጣው ከዚሁ ዓይነት መምረጥ ነው፦ ለልጃቸው የሚመጣው ባል አንዱ በዘሩ ሌላው በማዕረጉ እየተናቀ ሲመለስ ልጅቷ ዕድሜዋ ይገፋል።

የልጅቷ ስም ሰብለ ወንጌል ነው። «ሰብልዬ» እያልን ስላቆላመጥናት ሰብል መሆኗን ረሳን። ገበሬ ቤት ያደገ ሰው ግን ያውቃል፦ የደረሰ ሰብል በወቅቱ ካልታጨደ ይረግፋል። ፊታውራሪውና ወይዘሮዋ የሚያደርጉት ይኸው ነው፤ የደረሰውን አዝመራ ማሳ ላይ አቁመው «ለዚህ የሚመጥን አጫጅ የለም» ይላሉ። ያ ሰብል ደግሞ የወንጌል ነው። ሊያስተምራት የሚመጣው በዛብህ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን በስለት የሰጡት የድሃ ልጅ፣ የቆሎ ተማሪ ነው። መጨረሻ ላይ እሷ ራሷ ትመነኩሳለች። ስሟን ከልብ ያደመጠ አንባቢ የመከሩ ባለቤት ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ተነግሮት ነበር።

አሁን ስሟን ከነአባቷ ጥሩት፦ ሰብለ ወንጌል መሸሻ። ልጅቷ ከአባቷ ቤት ትሸሻለች። የሚሸሹበት ቦታ ነኝ የሚል ስም የተሸከመ ሰው፣ የገዛ ልጁ የምትሸሸው ሰው ይሆናል። የባላባቱን ሥርዓት ለመተቸት ሐዲስ ዓለማየሁ ብዙ ገጽ ጽፈዋል፤ ጉዱ ካሳም ረጅም ረጅም ንግግር ተሰጥቶታል። እውነቱን ለመናገር ከንግግሮቹ አንዳንዶቹ ዛሬ ስብከት ስብከት ይላሉ። «መሸሻ» የምትለዋ አንዲት ቃል ግን ሳትሰብክ እዚያው ትደርሳለች።

«ቆይ እንጂ» የሚል አይጠፋም። እነዚህ እኮ የጎጃም ስሞች ናቸው፤ ቦጋለም ውድነሽም መሸሻም በየመንደሩ አሉ። ደራሲው የሰፈሩን ስም ቢጠቀም ምን ይገርማል? ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሁሉም ስም ላይ እኩል ክብደት መጫንም አያዋጣም። ለምሳሌ በዛብህን «መከራ በዛብህ» ብሎ መተርጎምና ዕጣው ከስሙ ጋር ተጻፈ ማለት ለእኔ ርካሽ ንባብ ነው፤ ለማንኛውም አሳዛኝ ታሪክ ይሠራል። ስሙን ያወጣ ቤተሰብም መከራን አስቦ አይመስለኝም። ነገር ግን የሰፈር ስም መሆኑ ክርክሩን አያፈርሰውም፣ እንዲያውም ያጠነክረዋል። በእኛ አገር ስም የሚወጣው አንድ ነገር ለመናገር ነው፤ ለሞተ ልጅ ምትክ፣ ለጎረቤት መልስ፣ ለፈጣሪ ምስጋና። የልጁ ስም ከአባቱ ስም ጋር ገጥሞ ዓረፍተ ነገር እንዲሆን አስቦ የሚያወጣ ቤተሰብ ዛሬም አለ። ደራሲው ይህን አልፈጠሩትም፤ ሕዝቡ ሲጫወተው የኖረውን ጨዋታ መጽሐፉ ውስጥ አስገቡት እንጂ።

የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ዋና ገጸ ባሕርይም አበራ ወርቁ ይባላል፤ ወርቁ አበራ። በቢሮ ሥራና በጥበብ ፍላጎቱ መካከል ተሰንጎ ወርቁ አላበራ ያለው ሰው ነው። እዚያ ጨዋታው ምጸት ነው፣ አጭርና መራር።

ይህን ሁሉ ማስተዋል ለምን ይጠቅማል? «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አብዛኞቻችን በሁለት መንገድ ነው የምናውቀው፤ አንድም የሚያስለቅስ የፍቅር ታሪክ፣ አንድም ፈተና ላይ «የፊውዳሉን ሥርዓት ይተቻል» ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ። ሁለቱ ንባቦች ተለያይተው ቀሩ። ስሞቹን ስንሰማ ግን ፍቅሩና ትችቱ አንድ ቃል ውስጥ ተቀምጠው እናገኛቸዋለን። በትርጉም ለሚያነቡት፣ አማርኛን ከእናታቸው አፍ ብቻ ሰምተው ውጭ ላደጉት ልጆች ደግሞ ይኸኛው በር ክፍት ነው። ፊደል መቁጠር አይጠይቅም፤ «መሸሻ ምን ማለት ነው?» ብሎ እናትን መጠየቅ ይበቃል።

ጨዋታው ከመጽሐፉ ውጭም ይቀጥላል፤ ይኼ እንኳ የማንም ዕቅድ አይደለም። ልብ ወለዱን በሬዲዮ ተርኮ ማንበብ ለማይችለው ሁሉ ያደረሰው ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ ነው። ወግ አየሁ። የደራሲው ስም ከነአባታቸው ሲነበብ ደግሞ ሐዲስ ዓለም አየሁ ይላል፤ አዲስ ዓለም አየሁ። ሽፋኑ ላይ በትልቁ ተጽፎ እኮ ነው የኖረው!

ከሁሉ የምወደውን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የሚነሱት ገበሬዎች መሪ አበጀ በለው ይባላል። በአንድ ትንፋሽ ካላችሁት «ደግ አደረገ በለው» ነው፤ ምርቃት፣ ሙገሳ። መሐል ላይ ትንሽ ቆም ካላችሁ ግን ሌላ ይሆናል፦ አበጀ! በለው! የውጊያ ጩኸት ነው፣ ምታው ማለት ነው። ፊደሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው አንባቢው ትንፋሽ ላይ ነው። በዚያ አመጽ አንደኛው ወገን «በለው» ይባላል፣ ሌላኛው «መሸሻ»።