«ፓን» የሚለው ቃል ክብደት
የካፑሽቺንስኪን «ጼሳሽ» በፖላንድኛ ማንበብ

አንድ ተማሪ የውጭ ቋንቋ ዐወቀ የሚባለው መቼ ነው? ጥያቄው በመምህራን መካከል ሲነሣ መልሱ ብዙውን ጊዜ ወደ ሰዋስው ያዘነብላል። ፖላንድኛን በዩኒቨርሲቲ የተከታተለ ሰው ግን በዚህ መልስ አይረካም። በጽሑፍ «ሎድዝ» የምትመስለው፣ ሲጠሯት ግን «ዉች» የምትባለው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1952 ለውጭ አገር ተማሪዎች የቋንቋ መሰናዶ ትምህርት ቤት ተከፍቶባታል። ከአገራችን የሄዱትን ጨምሮ ብዙ ወጣቶች ሰባቱን የስም እርባታዎችና ላለቀና ላላለቀ ድርጊት የሚለያየውን የግስ መልክ በዚያ በአንድ ዓመት ተምረው፣ ወደ ምሕንድስናውና ወደ ሕክምናው አልፈዋል። ለፈተና ይህ ይበቃል። የከፍተኛው ደረጃ ችግር የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ይኸውም ቃሉ ታውቆ ክብደቱ ሳይታወቅ ሲቀር ነው።

ለዚህ ማስረጃ እንዲሆነን እኛኑ የሚመለከት መጽሐፍ መርጠናል። የሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ «ጼሳሽ» እ.ኤ.አ. በ1978 በዋርሶ ታተመ። ርእሱ ከእኛው «ቄሳር» ጋር ከአንድ ሥር የወጣ ሲሆን፣ የሚተርከውም ስለ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ነው። ዓለም በይበልጥ የሚያውቀው እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው የእንግሊዝኛ ትርጉም ሲሆን፣ በአገራችንም ስለ እርሱ የሚከራከሩት አብዛኞቹ ያነበቡት ያንኑ ነው።

በፖላንድኛው አሽከሮቹ ንጉሡን በየገጹ «ፓን» ይሏቸዋል። ቃሉ «ጌታ» ማለት ነው። እግዚአብሔርም በጸሎት «ፓን» ይባላል፤ የድሮው ባለ ርስት መኳንንትም «ፓን» ነበሩ። ይሁንና ዛሬ በአውቶቡስ ውስጥ አንድ ፖላንዳዊ የማያውቀውን ሰው «ይወርዳሉ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚጠቀመው በዚሁ ቃል ነው፤ ያውም ግሱን በሩቅ ወንድ አድርጎ፣ ፊት ለፊቱ ስለቆመው ሰው ሳይሆን ስለ ሌላ እንደሚናገር ሁሉ «ጌታው ይወርዳል?» ይላል። የእኛ «ጌታዬ» በጸሎትም በመንገድም እንደሚነገር ማለት ነው። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል ይህን ሁሉ የሚይዝበት መንገድ ስለሌለው በግርማዊነትና በልዕልና ማዕረጎች ተክቶታል። በዚህም ምክንያት ከትልቁ ማዕረግ ሥር ተደብቆ የነበረው የአውቶቡሱ ጌታ ጠፍቷል፤ አብሮትም ሳቁ ሄዷል።

ይህ ብቻ አይደለም። ካፑሽቺንስኪ አሽከሮቹን ያናገራቸው ከ16ኛውና ከ17ኛው መቶ ዓመት የፖላንድ ጽሑፎች ለቃቅሞ ባጠራቀማቸው አሮጌ ቃላት ነው። የአንድ ዓመት ትምህርት ያለው አንባቢ መዝገበ ቃላት ቢያገላብጥ ብዙዎቹን አያገኝም፤ ቢያገኝም ለምን እንደሚያስቁ አይገባውም። የ1978ቱ የዋርሶ አንባቢ ግን ወዲያው ገብቶታል። ያ የውዳሴ ቋንቋ እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1980 ፓርቲውን የመራውን የኤድቫርድ ጊየርክን አደባባይ አስታውሶታል፤ ሳንሱሩም ወሬው የሩቅ አገር ስለሆነ አሳልፎታል።

እንግዲህ ፍርዳችንን እንናገር። «ጼሳሽ» ታላቅ የፖላንድኛ ድርሰት ነው፤ ስለ ኢትዮጵያ ግን ደካማ ምስክር ነው። ሁለቱም የሚታወቁት ከዚያው ከቋንቋው ነው። በስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ብቻ የተጠቀሱት ተናጋሪዎች፣ ሹሙም ሆነ 52 ትራሶችን የሚጠብቀው አሽከር፣ ሁሉም ባንድ አንደበት ይናገራሉ። የአማርኛን ወግ የሚያውቅ ሰው ይህን እንዴት ያምናል? በእኛ ዘንድ የሚፈራ ሰው ንግግሩን ያሳጥራል፤ የሚሸነግለውም በቅኔ ሸፍኖ ይናገራል እንጂ እንዲህ ገጽ ሙሉ አያዥጎደጉድም። «ጃንሆይ» የሚለው አንድ ቃል ብዙ ሥራ ይሠራ ነበር።

ከዚህም የባሰ አለ። መጽሐፉ ንጉሡ የማንበብ ልማድ እንዳልነበራቸውና ሁሉ ነገር በቃል ይነገራቸው እንደነበረ አድርጎ ያቀርባል። «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ግን ካፑሽቺንስኪ መጽሐፉን ከማውጣቱ በፊት፣ በ1965 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታትሞ ነበር። ታሪክ ጸሐፊው ሃሮልድ ማርከስ እ.ኤ.አ. በ1990 መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን ሳይመረምሩ ያወደሱትን ሃያስያንም ነቅፏል። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ2007 ካረፈ በኋላም የሕይወት ታሪኩን የጻፈው አርቱር ዶሞስዋፍስኪ እ.ኤ.አ. በ2010 በፖላንድ ይህንኑ ክርክር አስነሥቷል። በዘገባነቱ ያመነው የውጭ አንባቢ ነበር ለማለት እንደፍራለን፤ ምክንያቱም አሮጌዎቹ ቃላት በትርጉም ሲላሉ የልብ ወለድ መልኩም አብሮ ላልቷልና።

ስለዚህ የፖላንድኛ ተማሪ መጽሐፉን በሥነ ጽሑፍ ክፍለ ጊዜ እንጂ በታሪክ ክፍለ ጊዜ እንዳያነበው እንመክራለን። መምህሩም ጥቂት ገጾች ወደ አማርኛ እንዲመልስ ያዘው። «ፓን»ን ምን ይለዋል? «ጃንሆይ» ካለ ያ የዋርሶ ጨዋታ የታሪክ ምስክርነት ይመስልበታል። «አቶ» ካለ ደግሞ ቤተ መንግሥቱ ይፈርስበታል። እኛ «ጌታው» የሚለውን እንመርጣለን፤ ትንሽ ያሾፋል፣ ትንሽ ይሰግዳል።