አሸንዳው ከጣራው ጋር ይታሰብ

የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ጣራው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ በተቀረጹት መስቀሎች ላይ ነው። እኔ የሳኒተሪ መሐንዲስ ስለሆንኩ ዓይኔ ወደ ጣራው ጠርዝ ይሄዳል። የክረምቱ ውሃ ከግድግዳው ወጣ ብለው በተፈለፈሉ አሸንዳዎች ይወርዳል። አሸንዳዎቹ በኋላ የተገጠሙ አይደሉም፤ ከግድግዳው ጋር ከአንድ አለት የወጡ ናቸው።

የፍልፍል ሥራ ሁልጊዜ መቀነስ ነው፤ ከአለቱ ላይ የተነሳ አይመለስም። ሥራው ከላይ ወደ ታች ስለሚሄድ ጣራው ቀድሞ ይወጣል። ስለዚህ ጠራቢው ገና አንድ መስኮት ሳይከፍት ውሃው በየት እንደሚወርድ መወሰን ነበረበት። ብርሃኑንም እንዲሁ፦ የታችኛው ረድፍ መስኮቶች ድፍን ናቸው፤ ብርሃን የሚገባው በላይኞቹ 12 ነው። ውሃው፣ ብርሃኑና የግድግዳው ጥንካሬ በአንድ ሐሳብ ተወስነዋል።

በእኛ ዘመን ብዙውን ጊዜ አርክቴክቱ ዲዛይኑን ይጨርስና ለስትራክቸር ይሰጣል፤ ሳኒተሪና ኤሌክትሪክ መጨረሻ ላይ ይጠራሉ። መዘዙ የሚታየው ሳይት ላይ ነው። ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ በ2 በመቶ ተዳፋት 6 ሜትር ሲሄድ 12 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ይህ ዝቅታ ፕላን ላይ አይታይም፤ ሴክሽን ላይ ግን ከቢሙ ጋር ይጋጫል። ያኔ ወይ ኮርኒሱ ዝቅ ይላል፣ ወይ የቧንቧ ሠራተኛው መሮና መዶሻ ይዞ የደረቀ ኮንክሪት ይፈለፍላል።

ላሊበላም ዘግይቶ የመጣ መፍትሔ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ2008 ግድም 5 አብያተ ክርስቲያናትን ከዝናብ የሚከልሉ የብረት መጠለያዎች ተተከሉ። የታሰቡት ለጊዜው ነበር፤ ከዝናቡም ይከላከላሉ። ነገር ግን ከሕንፃው ጋር አብረው ስላልተወለዱ የከተማው ሰው ክብደታቸውንና ነፋስ የሚያደርስባቸውን ጉዳት ይፈራል።

ለወጣት አርክቴክቶች የምለው ይኸው ነው፦ የመጀመሪያውን ሴክሽን ስትነድፉ የሳኒተሪና የኤሌክትሪክ መሐንዲሶቹን አጠገባችሁ አስቀምጡ። ለቱቦና ለሽቦ የሚሆን ቦታ ወረቀት ላይ መተው የሚጠይቀው አንድ መስመር ነው፤ ሕንፃው ከቆመ በኋላ ግን ዋጋውን ባለቤቱ ይከፍለዋል።