ከማን ጋር በሉ?

ፍኖተ ሰላም ላይ የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎችን በቀጠሮ የምናይ ነርሶች «ትናንት ምን በሉ?» ስንል መልሱን አስቀድመን እናውቀዋለን። «ያው፣ የተገኘውን።» እንደ ፈተና ስለሚሰማው ማንም ራሱን አያጋልጥም። ስለዚህ እኔ «ከማን ጋር በሉ?» ብዬ እጀምራለሁ። ያኔ የልጅ ልጅ ክርስትና፣ የጎረቤት ሐዘን፣ የባል ኩርፊያ ተራ በተራ ይወጣል። የኪሎው ምክንያትም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው መሃል ተደብቆ ይገኛል።

በስሜት ተገፍቶ የሚበላ ሰው ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት ከፍቶት ብቻውን የተቀመጠ ሰው ነው። እኛም ዘንድ አይጠፋም። ከቡሬ የምትመጣ አንዲት በርበሬ ነጋዴ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቀን ስትሯሯጥ ትውልና ማታ ቤቱ ጭር ሲልባት ትበላለች። «እንቅልፍ እስኪጥለኝ» ትላለች። አብዛኞቹን ታካሚዎቼን የሚያስቸግራቸው ግን ብቸኝነት አይደለም፤ የሰው ብዛት ነው። እንጀራውን ጠቅልላ «በሞቴ!» ያለችን ሴት ጉርሻዋን መመለስ እሷን እንደመግፋት ይቆጠራል። ልቅሶ ቤትማ አይነሣ።

በዚያ ላይ ክሳት ያስፈራል። የወፈረውን «ተመችቶሃል» እንለዋለን፤ ትንሽ የቀነሰችውን ገበያ ላይ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» ይሏታል። ኤችአይቪ ሰዉን ሲጨርስ ያየ ትውልድ ይህን በቀላሉ አይረሳም። አንዲት እናትን «እታለም፣ ሰው ሲጠይቅዎ ምን ይላሉ?» አልኋቸው። «ሐኪም አዘዘኝ ካልሁማ አለቀላት ይሉኛል» አሉኝ። ተመካክረን «ጉልበቴን እንዲቀለኝ ነው» የሚል መልስ አገኘን። ውሸትም አይደለም፤ ኪሎ ሲቀንስ ጉልበት በእውነት ያርፋል።

«ዓይንዎ ይጠፋል፣ እግርዎ ይቆረጣል» የሚለው ማስፈራሪያ ለአንድ ወር ይሠራል። ከዚያ ኪሎው ሲመለስ ታካሚው አፍሮ ከቀጠሮው ይቀራል። ትንሽ ግብ ይሻላል። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ስኳር በሽታ አፋፍ ላይ የደረሱ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ አድርጎ፣ በሽታው የሚይዛቸውን ሰዎች ቁጥር በ58 በመቶ አሳንሷል። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 6 ኪሎ እንኳ አይሞላም። የጥናቱ ተሳታፊዎች በየጊዜው እያገኘ የሚያማክራቸው ሰውም ነበራቸው፤ እኔ ከቁጥሩ ይልቅ የምቀናው በዚህ ነው።

አንድ ጉርሻ መመለስ የሚያቅታቸው እነዚሁ ታካሚዎቼ በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም፣ ከቅዳሜና እሑድ በቀር፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ይውላሉ። ጾሙ መፍቻው ይታወቃል፤ ቤተሰቡም ሁሉ አብሮ ይጾማል። ግሽ ዓባይ ጸበል ሰንብተው የሚመለሱ ታካሚዎችም ቀለል ብለው አያቸዋለሁ። እዚያ «በሞቴ» የሚል የለም። ቤታቸው ሲገቡ ግን ኪሎው ይመለሳል። ጾም ሁሉ ያከሳል ማለቴ አይደለም፤ የጾም ወጥ ውስጥ ከሚገባው ዘይት አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ደግሞም ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ከመጾሙ በፊት የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ከሐኪሙ ጋር ካላስተካከለ፣ ስኳሩ ወርዶ ሊጥለው ይችላል።

ቡናን ተዉ አልልም። ሴቶቹ የሆዳቸውን የሚያወጡት እዚያ ነው፤ ያ ከተዘጋባቸው ማታ ድስቱ ላይ ይካካሳል። ስኳሩን ግን አብረን እንቆጥራለን፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ፤ 24 ግራም ያህል ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ቢቻል በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይላል። ይህን ሲሰሙ በረካውን ያለ ስኳር ለመጠጣት የሚስማሙ አሉ።

ወንዶቹን ደግሞ «ጋሼ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ድስት የሚጥድልዎትን ሰው ይዘው ይምጡ» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ ይዘው የሚመጡት ግን ብዙ ናቸው። ባለፈው አንዷ ሚስት ባሏ ሚዛን ላይ ሲወጣ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ዘይቱን እኔ እቀንሰዋለሁ፤ አንቺ ብቻ እንዳትነግሪው» አለችኝ።